የሦስት ቀን ሱባዔ

ዘነበች የሱባዔዋን በሶ ያሰናዳችው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ገብሱን ራሷ ለቀመች፣ ራሷ ቆላች፣ ወፍጮ ቤትም ሰው ሳትልክ በጭቃው ተሸክማ ሄዳ፣ ከእሷ በፊት በርበሬ እንዳልተፈጨ ሦስት ጊዜ ጠይቃ አስፈጨች። ዱቄቱን በነጭ ከረጢት ሞላችው፤ አፉን በሱፍ ክር ጥብቅ አድርጋ አሰረችና ከግድግዳው ችካል ላይ ሰቀለችው። ባየችው ቁጥር ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ትሰጋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሐምሌው እንዲህ የተሰቀለ በሶ፣ ሱባዔ ሳይገባ እዚሁ ቤት ተበልቶ አልቋል።

ነገሩ የስለት ነው። አንዲት ልጇ አመተሥላሴ ዓለም ከተማ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሁለት ቀን ሙሉ አልገላገል አለች። ዘነበች ሞላሌ ላይ መሄጃ መኪና አጥታ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከቤቷ ደጅ ቆማ፣ ‹‹ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን አትርፊልኝ እንጂ የፍልሰታን ሱባዔ ደጅሽ ገብቼ አሥራ አምስቱንም ቀን እይዛለሁ›› አለች። ልጇ ተረፈች። ያን ጊዜ የተወለደችው ሕፃንም ዛሬ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች። ስለቱ ግን አልተፈጸመም።

በመጀመሪያው ፍልሰታ ባሏ ገብረየሱስ ታመመ። በሁለተኛው ከአልጋ አልነሣ አለ፤ በመስከረም ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያሉት አራቱ ፍልሰታዎች የቀሩት በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ በእትዬ ገበያነሽ።

እትዬ ገበያነሽ የገብረየሱስ ታላቅ እህት ናቸው። ባልም ልጅም ሳይኖራቸው በጊሼ በኩል የአባታቸውን መሬት ብቻቸውን ሲያሳርሱ ኖረው፣ አንድ የታኅሣሥ ቀን ከገብስ ክምር ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ ሁለት ጊዜ አሻቸው፤ ሁለቴም ስለሰደቡት ሦስተኛ አልመጣም። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ጊዜው አልፏል ተባለ። ዘመድ ተሰብስቦ ‹‹ማን ይውሰዳቸው?›› በተባለ ጊዜ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ዘነበች፣ ባሏን ከቀበረች ገና አራት ወር ሳይሞላት፣ ‹‹እስኪሻልዎት እኔ ዘንድ ይቆዩ›› አለች። ለምን እንዳለች እስካሁን አታውቅም። አፏ ቀደማት። ‹‹እስኪሻልዎት›› ያለችውም ይኸው አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።

እኚህን ሴት ከሌላው ሰው ሁሉ አስቀድማ ልትሸሻቸው ይገባት ነበር። የአሥራ ስምንት ዓመት ሙሽራ ሆና የገብረየሱስ ቤት በገባች በሳምንቱ፣ የፈተለችውን የመጀመሪያ የሱፍ ልቃቂት አማቶቿ ፊት አምጥታ አኖረች። እትዬ ገበያነሽ አነሡት። የክሩን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ ቢያደርጉት ብጥስ አለ።

‹‹ይኼ ክር ነው የበግ ምራቅ?›› አሉ።

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ገብረየሱስም ሳቀ። ያን ክረምት ዘነበች የጣቷ ቆዳ እስኪላጥ ፈተለች። ዛሬ በሞላሌ ገበያ የዘነበች ፈትል ነው ከተባለ የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሸምነው ባና ሠሪ ጎትቶ አይፈትነውም፤ አይቶ ብቻ ያነሣዋል። እትዬ ገበያነሽ ግን ዛሬ ከአልጋቸው ሆነው እንዝርቷ ሲሽከረከር እያዩ እንኳ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም ‹‹ደህና ነው›› አላሉም።

ጠዋት ጠዋት ታነሣቸዋለች። ታገላብጣቸዋለች፣ ገላቸውን ታጥባለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ቅባት ታሻለች፣ ያደፈውን ጨርቅ ይዛ ወንዝ ትወርዳለች። ምስጋና ጠብቃ አታውቅም፤ ቢያንስ ዝም ቢሏት ግን ትወድ ነበር።

‹‹ውሃው ፈላ! ልትቀቅይኝ ነው?››

ቀዝቃዛ ትጨምርበታለች።

‹‹አሁን ደግሞ በረደ! ቁርጥማት ልትለቂብኝ ነው?››

በዚህ ጊዜ ዘነበች ጨርቁን ጭምቅ ታደርግና፣ እሳቸውም እንዲሰሙት፣ ግድግዳውም እንዲሰማው፣ ከላይ ያለውም እንዲሰማው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ‹‹ለነፍሴ ብዬ ነው! ለነፍሴ ብዬ ነው እንጂ!›› ትላለች።

‹‹ነፍስሽ ትጽደቅልሽ›› ይላሉ እትዬ ገበያነሽ። ‹‹እጅሽ ግን ሻካራ ነው።››

አራት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ይኸው ነው። ‹‹ለነፍሴ ብዬ ነው›› ሳትል አጥባቸው አታውቅም። ስትለው ትንሽ ይቀላታል። የሚያስከፋትን ሁሉ አንድ ቦታ የምታስቀምጠው ይመስላታል።

ከሁሉ የሚያቃጥላት ግን የሐጂራ ነገር ነው። ሐጂራ ጎረቤቷ ናት፤ ከቆላው ወገን መጥታ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተች፣ የዘነበችን ፈትል እየተቀበለች ለባና ሠሪዎች የምትሸጥ፣ አፏ ጨዋታ የማያልቅበት ሴት። እሷ በደጁ ስትዘልቅ የእትዬ ገበያነሽ ፊት ይበራል።

‹‹ሐጂራዬ! ነይ እስቲ ከጎኔ ቁጭ በይ። ይኼ ቤት ሰው አጥቶ ዋለ።››

‹‹እኔስ ምንድን ነኝ?›› ትላለች ዘነበች ከምድጃው በኩል።

‹‹አንቺማ ቤተኛ ነሽ።››

ሐጂራ ትስቃለች። ዘነበች አትስቅም።

ለዘንድሮው ፍልሰታ ሁሉንም አሰናድታ ነበር። አመተሥላሴ ከዓለም ከተማ መጥታ አሥራ አምስቱን ቀን ልታስታምም ቃል ገባች። ለእትዬ ገበያነሽ ሲነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ‹‹ማን ከለከለሽ? ሂጂ። እኔ እንደሁ የምሞት ከሆነ የአንቺን መምጫ አልጠብቅም›› አሉ።

‹‹እትዬ፣ ዘነበች ትሂድና ትጸልይልን›› አለች ሐጂራ። ‹‹እኔ በረመዳን የድርሻዬን እጾማለሁ፤ በፍልሰታ ደግሞ የእሷን እሷ ታምጣ። ካልሆነማ የዚህን ሰፈር ኃጢአት እኔ ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ!››

እትዬ ገበያነሽ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ዘነበች አየች።

ሐምሌ ሠላሳ ጠዋት፣ ነጠላዋ ታጥቦ፣ በሶው ከችካሉ ወርዶ ደጅ ላይ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ።

‹‹እማዬ፣ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። መኪናው ሁሉ ቆሟል።››

‹‹መቼ ይከፈታል?››

‹‹ከነገ ወዲያ ይላሉ። እማዬ፣ አልቅሰሽ እንዳይሆን?››

‹‹አላለቀስኩም›› አለች ዘነበች። እውነቷን ነው፤ አላለቀሰችም። ከከረጢቱ አጠገብ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጭጋጉ ከሜዳው ተነሥቶ በአጥሩ ላይ ሲወርድ እያየች ለብዙ ጊዜ ቆየች። ዘንድሮ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ባለፈው ዓመት መጮህ ጀምሯል። የሱባዔው ጎጆ ወለል ድንጋይ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ተንበርክካ መነሣት መቻሏን ማን ያውቃል?

ተነሥታ ወደ ሐጂራ ሱቅ ሄደች።

‹‹እኔ አለሁ አልኩሽ እኮ›› አለች ሐጂራ። ‹‹ሁለት ቀን ምን አላት? በሶ አልበጠብጥላቸው? ውሃ አላቀብላቸው?››

‹‹ማጠቡስ?››

‹‹ሴት አይደለሁም እንዴ! እናቴን ሦስት ዓመት ሙሉ አላጠብኩም? ደግሞ ለእኔ ማር ናቸው። ሂጂ አንቺ።››

ዘነበች ከረጢቷን አዝላ ወጣች። እትዬ ገበያነሽን ‹‹ልሄድ ነው›› ስትላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ተኝተው ይሁን ተቆጥተው አላጣራችም።

የኪዳነ ምሕረት ደብር ልማድ ጥብቅ ነው። በፍልሰታ ዋዜማ ሱባዔ የሚገባው ሰው ሁሉ በቅጽሩ በር ላይ ከመምሬ ቴዎፍሎስ ፊት ይቆማል። መምሬ የብዙዎቹ የንስሐ አባት ናቸው፤ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ከማን ጋር ተጣልተሻል? ካለ አንቺ የማይሆንለት ሰው ቤትሽ ትተሻል? የተጣላው ታርቆ ይመጣል። አራስ፣ ሕፃን ወይም አልጋ የያዘ በሽተኛ ትቶ የመጣ ደግሞ አስታማሚ ማቆሙን ካልተናገረ ይመለሳል። ጎጆዎቹም ጥቂት ናቸው፤ በዚያ ምሽት ያልገባ ለከርሞ ነው።

ከዘነበች ፊት የነበረችው ሴት ዓይነ ስውር እናት ነበሯት።

‹‹ማን አለ ከሳቸው ጋር?››

‹‹ጎረቤት ያይልኛል፣ አባቴ።››

‹‹ጎረቤት የራሱ ቤት አለው። ሂጂ ልጄ፣ እናትሽ ዘንድ ሂጂ።››

ሴትዮዋ በሶዋን አቅፋ ስትመለስ ዘነበች ፊቷን አላየችም፤ ማየት አልፈለገችም።

‹‹የተጣላሽው አለ?››

‹‹የለም፣ አባቴ።››

‹‹እትዬ ገበያነሽስ?››

‹‹ልጄ መጥታለች›› አለች ዘነበች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አልከበዳትም። ከነገ ወዲያ ትመጣ የለ? መስቀሉን ተሳልማ ገባች።

ጎጆዋ በድንጋይ የተካበች፣ ሣር የለበሰች፣ እግር ዘርግቶ ለመተኛት ብቻ የምትበቃ ናት። በአንድ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል። ዘነበች ጉዝጓዟን በሌላው ጥግ አነጠፈች፤ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን አቆመች። ማንም አልጠራትም። ‹‹ዘነበች!›› የሚል የለም። ‹‹ነይ አዙሪኝ›› የሚል የለም። ‹‹ተመስገን›› አለች፤ ከልቧ አለችው። ከዚያ በጎኗ ጋደም ብላ እንደ ሙት ተኛች። ሰዓታቱም ሳይሰማት፣ ደወሉም ሳይሰማት ነጋ። ስድስት ዓመት የተመኘችውን የመጀመሪያ ቀን በእንቅልፍ ፈጀችው።

በሁለተኛው ቀን በጠዋት ተነሥታ፣ ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሰማች። ወደ ጎጆዋ ተመልሳ ተንበረከከች። ‹‹ሰላም ለኪ›› ብላ ስትጀምር በጆሮዋ ‹‹ውሃው በረደ›› የሚል መጣ። እንደገና ጀመረች። ‹‹ሰላም ለኪ።›› ይኼኔ እኮ ማገላበጫቸው ነው፤ በግራ ጎናቸው ብዙ ከቆዩ ያማቸዋል፤ ሐጂራ ይኼን ታውቃለች? ነግሬያታለሁ? አልነገርኳትም። ሦስተኛ ጀመረች። አልሆነም። ግንባሯን ከድንጋዩ ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ በንዴት ቀና አለች።

‹‹እመቤቴ›› አለች፣ የጸሎት ቃል ባልሆነ፣ በቤቷ ቃል። ‹‹ስድስት ዓመት በር ስትዘጊብኝ ዝም አልኩ። ይኸው ገባሁ። ከገባሁም በኋላ እዚህ ድረስ ተከትለው እንዲጨቀጭቁኝ ታደርጊያለሽ?››

ከቅዳሴ በኋላ በሶ በጠበጠች። እጇ ከለመደው ልማድ ሳይወጣ ቀጠን አድርጎ፣ ጨው ቀነስ አድርጎ፣ እትዬ ገበያነሽ እንደሚወዱት አድርጎ በጠበጠው፤ ያውም ለሁለት ሰው የሚበቃ። ዘነበች በእንጨት ዋንጫዋ ውስጥ ያለውን እያየች ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ጠጣችው። እሷ ወፍራም፣ ጨው ያለበት ነበር የምትወደው፤ ስንት ዓመት ሆናት እንዲያ ከጠጣች?

በሦስተኛው ቀን ጭጋጉ ከጎጆ ጎጆ እስከማያሳይ ወርዶ ነበር። ከካቡ ማዶ ድምፅ መጣ።

‹‹ዘነበች! አንቺ ዘነበች!››

ሱባዔ የያዙት ሴቶች ከየጎጆው ‹‹እስ! እስ!›› አሉ። ዘነበች ወጥታ እየዳበሰች ወደ ካቡ ሄደች። ሐጂራ ከውጭ በኩል ጃንጥላ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ቆማለች።

‹‹ምንድን ነው? ሞቱ?››

‹‹ኧረ ምን ይሞታሉ! እኔን ገደሉኝ እንጂ።››

‹‹አልበላም አሉ?››

‹‹በሉ። እንዲያውም ደገሙ። መታጠቡን ነው እምቢ ያሉት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ዘነበች! ልብሱን ገለጥ ላደርግ ብል በከዘራ እጄን መቱኝ፤ እዪው ይኼን። ጨርቁ ገላቸው ላይ ደርቋል። ሽታው ከደጅ ይቀበላል። ሐኪም ላምጣ ብል ጮኹ።››

‹‹አንቺን አይደል እንዴ የሚወዱት?›› አለች ዘነበች። ድምፅዋ እንዲህ መራራ መሆኑን ራሷም አላሰበችም ነበር።

ሐጂራ አልተቀየመችም። ‹‹እኔም መስሎኝ ነበር። ‹አንቺ እንግዳዬ ነሽ፤ እንግዳ ፊት አልገለጥም› አሉኝ። ‹ገላዬን የምታውቀው ዘነበች ብቻ ናት› አሉ።››

‹‹እንዲህ አሉ?››

‹‹እንዲህ አሉና ደግሞ ሰደቡሽ።››

‹‹ምን ብለው?››

‹‹ልንገርሽ?››

‹‹ተይው። አመተሥላሴስ?››

‹‹ደውላ ነበር። መንገዱ ገና አልተከፈተም።››

ልቧ በርኅራኄ ራራ ቢባል ውሸት ነው። ዘነበች ከካቡ ድንጋይ አንዱን ይዛ ስትቆም የተሰማት ንዴት ብቻ ነው። ክብሩንና ሳቁን ለሐጂራ፤ ለእሷ ደግሞ እድፉን። ሰው የሚያምነውን ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚይዘው?

‹‹ሂጂ፤ ውሃ ጣጂልኝ›› አለቻት። ‹‹መጣሁ።››

መምሬ ቴዎፍሎስ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን የሚነከር ሽምብራ ከጠጠር ይለቅሙ ነበር።

‹‹አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ልጄ አልመጣችም። መንገድ ተዘግቶባት ቀርታለች፤ ከሐጂራ ጋር ጥያቸው ነው የገባሁ።››

መምሬ ቀና አላሉም። ‹‹የዚያች የዓይነ ስውሯ ልጅ ደግሞ እውነቱን ተናግራ ተመለሰች›› አሉ።

ዘነበች አንገቷን ደፋች። ከእርግማን ይኼ ባሰባት።

‹‹አሁንስ?››

‹‹አሁን መታጠብ እምቢ አሉ። ካለ እኔ አይሆንም አሉ።››

‹‹እንግዲያው ሂጂ።››

‹‹እሄዳለሁ። አባቴ... እንደ ሱባዔ ይቆጠርልኛል? እሳቸውን ማስታመሙ? ባለፈው ሰንበት እርስዎ ራስዎ በሽተኛ መጠየቅ ከብዙ ጸሎት ይበልጣል ብለው ሰበኩ።››

‹‹ሰብኬያለሁ።››

‹‹ታዲያ?››

‹‹አንቺ የተሳልሽው ሱባዔ ነው፣ ዘነበች። ማጠብ ማጠብ ነው፤ ሱባዔ ሱባዔ ነው። ስለቱ አለብሽ።››

‹‹ሰባት ፍልሰታ፣ አባቴ! ጉልበቴን አያዩትም? ከርሞ ማን አለ? እሺ፣ ስለቱም ካለብኝ፣ ሱባዔውም ከቀረ፣ ይኼ ሁሉ ልፋት ለእኔ ምን ይሠራልኛል?››

‹‹ለአንቺ?›› መምሬ አንዲት ጠጠር አገኙና ወደ ውጭ ወረወሯት። ‹‹ለአንቺማ እኔ እንጃ። እስቲ ዛሬ አንድ ቀን ምንም ሳታገኚበት እጠቢያቸው።››

ዘነበች ሌላ ነገር ጠበቀች። የሚያጽናና አንድ ቃል። መምሬ ግን ሽምብራቸውን ቀጠሉ።

‹‹ለውሸቱ ቀኖናሽ አርባ ስግደት ነው›› አሉ መጨረሻ ላይ።

‹‹ጉልበቴ እኮ...››

‹‹ሃያ።››

የቁልቁለቱ መንገድ ተንሸራታች ነበር። ዘነበች ከረጢቷን አዝላ፣ እየወደቀች እየተነሣች፣ ከመምሬ ጋር በልቧ እየተሟገተች ወረደች። እሳቸው ምን ያውቃሉ? አንድ ቀን እንኳ የበሽተኛ ጨርቅ አጥበው ያውቃሉ? ምንም ሳታገኚበት ይላሉ! አራት ዓመት ከመንፈቅ ምን አገኘሁ?

ከወንዙ ጥግ ስትደርስ፣ ጨርቅ የምታጥብበት ድንጋይ ታያት፤ እዚያም ቆመች። ያገኘችው ነገር ትዝ አላት። በየጠዋቱ ‹‹ለነፍሴ ብዬ ነው›› ስትል የሚሰማት ቅልል ማለት። እሱን አግኝታለች። እያንዳንዷን ስድብ አጥፋ አስቀምጣለች። አንድ ቀን ከፈጣሪ ፊት ዘርግታ ‹‹ይኸው፣ እይልኝ›› ልትለው። እሳቸውም ይኼን አራት ዓመት ከመንፈቅ ሰምተውታል፤ ዕራቁታቸውን ሆነው፣ ራሳቸውን መገልበጥ እንኳ ሳይችሉ፣ የሌላ ሰው የጽድቅ ዕቃ መሆናቸው በየጠዋቱ ሲነገራቸው። በጎጆዋም ውስጥ በመጀመሪያው ምሽት ‹‹ተመስገን›› ያለችው ለስለቱ አልነበረም። ድምፃቸው ስላልተሰማት ነበር።

ይኼን ማወቋ አላስደሰታትም። እንዲያውም የቀራትን አንዲት ነገር የተቀማች መሰላት። ‹‹በቃ ምንም አይቀረኝ?›› አለች ለብቻዋ። ወንዙ በጎርፍ ደፍርሶ ይጮህ ነበር፤ መንገዷን ቀጠለች።

ቤቱ ሐጂራ እንዳለችው ነበር። ውሃው ተጥዷል። ሐጂራ የተመታ እጇን እያሻሸች ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።

እትዬ ገበያነሽ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር።

‹‹ማን ነው?››

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹ምን ልትሠሪ መጣሽ?››

ዘነበች ወደ አልጋው ቀረበች። እጅጌዋን ሰበሰበች። የደረቀውን ጨርቅ በለብታ ውሃ እያራሰች፣ ቆዳው አብሮ እንዳይነሣ ቀስ እያለች አላቀቀችው። ከዳሌያቸው በታች እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ቀይ ቁስል ጀምሯል። ሦስት ቀን ብቻ! ጥርሷን ነከሰች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልለየችውም። አጠበች። ውሃ ለወጠች፤ እንደገና አጠበች። አሮጊቷ ቀለዋል፤ በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ጀርባቸውን ስታሻ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል።

‹‹ውሃው በረደ›› አሉ።

ዘነበች ጨርቁን ጨመቀች። ቃሉ ከልማዱ ተነሥቶ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። አፏን ዘጋችው። ከምድጃው ሙቅ ውሃ ጨመረችበት፤ በክርኗ ለካችው፤ ማጠቧን ቀጠለች። ቤቱ ውስጥ የውሃው ጠብታ ብቻ ይሰማ ነበር። ከስድብ ይልቅ ዝምታው ከበዳት፤ ዛሬ የምታስቀምጠው ነገር የላትም።

ቅባቱን አሽታ፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሳ፣ በቀኝ ጎናቸው ስታስተኛቸው፣ እትዬ ገበያነሽ ሳይዞሩ ተናገሩ።

‹‹ዛሬ ለነፍሴ አላልሽም።››

‹‹አላልኩም።››



‹‹ሱባዔሽስ?››

‹‹ቀረ።››

‹‹በእኔ ነው በይ።››

‹‹በእርስዎ ነው›› አለች ዘነበች።

‹‹ነው›› አሉ እትዬ ገበያነሽ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። እጃቸው ግን ከባናው ሥር ወጥቶ የዘነበችን ነጠላ ጫፍ ያዘ፤ ጥለቱን በሁለት ጣታቸው መካከል አሸት አደረጉት፤ መልሰው ለቀቁት። ምናልባት እርጥብ እንደሆነ እያዩ ነበር። ዘነበች ሌላ ነገር ነው ብላ ልታስብ ፈልጋ ነበር፤ ግን እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

የበሶውን ከረጢት ወደ ችካሉ መለሰችው። ለእሳቸው ቀጭን በጠበጠች። ለራሷ ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ወፍራም አድርጋ፣ ጨው ጨምራ በጠበጠች። እትዬ ገበያነሽ ‹‹ጨው የለውም›› አሉ። ዘነበች የራሷን ዋንጫ ሰጠቻቸው። ቀምሰው ‹‹ይኼ ደግሞ ባሕር ነው›› ብለው መለሱላት።

ከዚያ ወለሉ ላይ አሮጌ ባና አነጠፈችና ቀኖናዋን ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዝም ብለው አዩዋት። ከስድስተኛው ጀምረው እትዬ ገበያነሽ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ጀመር። ጉልበቷ ይጮሃል፤ እሳቸውም ይቆጥራሉ። አሥረኛው ላይ ተነሥታ ጥቂት ተነፈሰች። አሥራ አንደኛውን ሰግዳ ቀና ስትል፣

‹‹አሥራ አንድ አልሆነም›› አሉ።

‹‹እንዴት አልሆነም?››

‹‹ግንባርሽ መሬት አልነካም። አይቻለሁ።››

‹‹ነክቷል እንጂ፣ እትዬ!››

‹‹አልነካም። ደግመሽ ስገጂ።››

ዘነበች ቀና ብላ አየቻቸው። ስለቱ እንዳለ ነው። ከርሞ ጉልበቷ አይታወቅም፤ እሳቸውም ከርሞ እዚሁ ሊሆኑ ይችላሉ። የምትለው ብዙ ነገር ነበራት።

እጇን ባናው ላይ አሳርፋ፣ አሥራ አንደኛውን እንደ አዲስ ሰገደች።